ታፔላው ከመሰቀሉ በፊት፦ ከግራፊክ ዲዛይነር ጋር እንዴት እንሥራ?

ሱቅ፣ ካፌ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ፣ አለዚያም የራሱን ታክሲ ይዞ መሥራት የጀመረ ወገናችን ሁሉ አንድ ቀን ግራፊክ ዲዛይነር ዘንድ መሄዱ አይቀርም። ታፔላ አለ፤ ሜኑ አለ፤ ቢዝነስ ካርድ አለ፤ በመኪናው በር ላይ የሚጻፍ ስምና ስልክ አለ። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚሠራልን ቢሮ የሌለው፣ በግሉ ደንበኛ እየፈለገ የሚሠራ ባለሙያ ነው።

ሥራው በምን መንገድ እንደሚሠራ አስቀድሞ ባለመነጋገር ግን ሁለቱም ወገን ይጎዳል። ባለሱቁ «አንድ ስም ለመጻፍ ይህን ያህል ገንዘብ?» ይላል። ዲዛይነሩ በበኩሉ «አሥር ጊዜ አስቀይሮኝ ሒሳቤን ከለከለኝ» ይላል። በካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ዲዛይነሩ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ርክክብ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች፣ በየደረጃው ከባለንብረቱ የሚጠበቀውን፣ በመጨረሻም ውሉን እናያለን። ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ የዲዛይን ሥራ የሚጀምረው ከሥዕሉ በፊት በጥያቄ ነው፤ የሚያልቀውም በሥዕሉ ሳይሆን በፊርማ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ጥያቄና መልስ

ጥሩ ዲዛይነር ወዲያው ኮምፒዩተሩን አይከፍትም፤ ይጠይቃል። ደንበኛዎ ማን ነው? ምሳ ለመብላት የሚመጣው የአካባቢው የቢሮ ሠራተኛ ነው ወይስ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከቤተሰቡ ጋር የሚመጣው ወገናችን? ሰው ስለ ቤትዎ አንድ ነገር ብቻ አስታውሶ ቢሄድ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ? አርማው የሚወጣው የት የት ነው፤ ታፔላ ላይ ብቻ ነው ወይስ በቡና ስኒ፣ በደረሰኝና በስልክ መስታወት ላይም? የመክፈቻው ቀን መቼ ነው? ገንዘቡስ ስንት ነው?

«አንተ ባለሙያው አይደለህ፣ ደስ ያለህን ሥራ» ማለት ጨዋነት ይመስላል እንጂ ለዲዛይነሩ አይጠቅመውም። ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥም። በጀትዎንም መደበቅ አያስፈልግም፤ 500 ዶላር ያለው ሰውና 5,000 ዶላር ያለው ሰው የሚያሠሩት ነገር የተለያየ ነውና ከመጀመሪያው ቢታወቅ ሁለታችሁም ጊዜ አታባክኑም።

አንድ ጥያቄ በተለይ ለእኛ ይከብዳል። ባንዲራውን፣ አንበሳውን ወይም ኮከቡን አርማዬ ላይ ላድርግ ወይስ ይቅር? አንዱ ምልክት አንዱን ደንበኛ ሲያስደስት ሌላውን ሊያስቀይም እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ውሳኔው የባለቤቱ ነው። ነገር ግን ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ከመከራከር ይልቅ በዚህ ደረጃ አንሥቶ መወሰን ይሻላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ አካባቢውን ማየት

ቀጥሎ ዲዛይነሩ ወጥቶ ያያል። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ በተለይ ቴመስካል በሚባለው ሰፈር፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች በአጭር ርቀት ውስጥ ይገኛሉ። ሁሉም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከለበሰ፣ ሁሉም መሶብና ጀበና ከሳለ፣ መንገደኛው የትኛው የእርስዎ እንደሆነ በምን ይለያል? ዲዛይነሩ የጎረቤቶችን ታፔላ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚያጠናው ከእነርሱ ለመቅዳት ሳይሆን ለመለየት ነው።

ርቀትንም ይለካል። በታፔላ ሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ግምት አለ፤ ፊደል በደህና እንዲነበብ ለየ10 ጫማው ርቀት 1 ኢንች ያህል ቁመት ያስፈልገዋል። እንግዲህ በመኪና የሚያልፍ ሰው ከ100 ጫማ ላይ ስምዎን እንዲያነብ ከፈለጉ ፊደሉ 10 ኢንች ይሁን ማለት ነው። የታክሲ በርም እንዲሁ ነው። ስልክ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ኢሜይሉና «24 ሰዓት እንሠራለን» የሚለው ሁሉ በአንድ በር ላይ ከታጨቀ አንዱም አይነበብም። ታክሲ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ቀለሙንና በመኪናው ላይ የሚጻፈውን የሚመለከት የከተማ ደንብ ሊኖር ስለሚችል፣ ንድፉን ከመቀባቱ በፊት ፈቃድ ለሰጠዎት የከተማው ክፍል ማሳየት ይገባል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ እርሳስና ወረቀት

ከዚህ በኋላ ነው ሥዕል የሚጀመረው። እርሱም በብዛት በእርሳስ ነው። ዲዛይነሩ በርካታ ትናንሽ ሐሳቦችን ይሞነጫጭራል፤ አብዛኛውን ይጥላል። እርስዎ የማያዩት ይህ የተጣለው ወረቀት የዋጋው አንድ ክፍል ነው።

የመጣልን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ለሳን ሆዜ ጎረቤት ከሆነችው ከኩፐርቲኖ ምሳሌ እናምጣ። የአፕል ኩባንያ የመጀመሪያ አርማ እ.ኤ.አ. በ1976 ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ሮናልድ ዌይን የሣለው ነበር። ኒውተን ከፖም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያነብ የሚያሳይ፣ ዙሪያውን ጽሑፍ ያለበት፣ ዝርዝር የበዛበት ሥዕል ነበር። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያንስ ምን እንደሆነ አይለይም። በዓመቱ፣ በ1977፣ ሮብ ጃኖፍ የተባለ ዲዛይነር በአንድ ጎኑ የተገመጠ ፖም ብቻ አቀረበ። ግማጩ የተደረገው ለጌጥ አልነበረም፤ ዲዛይነሩ እንዳስረዳው አርማው ሲያንስ ፖሙ ቼሪ እንዳይመስል ነው። ቀለሙ ከዚያ ወዲህ ቢለወጥም ቅርጹ እስከ ዛሬ አለ።

ለእኛ ያለው ትምህርት ግልጽ ነው። ላሊበላን፣ ጀበናን፣ መሶብን፣ አንበሳንና የአፍሪካን ካርታ በአንድ አርማ ውስጥ አስገባልኝ ስንል፣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ሲወጣ የቀለም ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። አንዱን ይምረጡ፤ ሌሎቹን ለግድግዳው ሥዕል ያቆዩአቸው።

አራተኛ ደረጃ፦ ማቅረብና መምረጥ

ብዙ ዲዛይነሮች ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ብቻ የሚያመጣም አለ። ስቲቭ ጆብስ ኔክስት ለተባለው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1986 ፖል ራንድን አርማ ባሠራው ጊዜ ጥቂት አማራጮችን ጠይቆት ነበር። ራንድ ግን ችግርህን እፈታልሃለሁ፣ ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም ትከፍለኛለህ ማለቱን ጆብስ ራሱ ኋላ ተናግሯል። የተከፈለውም 100,000 ዶላር ነበር። ራንድ ያቀረበው አንድ መፍትሔ ብቻ ሲሆን፣ እዚያ ላይ የደረሰበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ መጽሔት አብሮ ሰጥቷል።

የእኛ ሱቆች እንዲህ ያለ ዋጋ አይከፍሉም። ልንወስድ የምንችለው ግን አንድ ነገር አለ፤ ከአማራጭ ብዛት ይልቅ ምክንያት መጠየቅ። «ይህን ቀለም ለምን መረጥክ? ይህ ፊደል ለምን ወፈረ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያለው ዲዛይነር ሥራውን ያውቃል።

ማን እንደሚወስንም አስቀድመው ይቁረጡ። ሽርክና ካለ ከሸሪኮቹ አንዱ መልስ ሰጪ ይሁን። ሥዕሉን ይዞ በማኅበሩ ስብሰባ፣ በሠርግ ቤት፣ በቡና ላይ ለሁሉ ማሳየት የማያልቅ ምክር ያመጣል። ይልቁንስ ለደንበኞችዎ ለሦስት ወይም ለአራት ሰዎች፣ ከእነርሱም አማርኛ ለማያነቡት፣ አሳይተው «ይህ ምን የሚሸጥ ቤት ይመስልዎታል?» ብለው ይጠይቁ።

አምስተኛ ደረጃ፦ እርማት

ጠብ በብዛት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ማስተካከል በዋጋው ውስጥ እንደተካተተ በውሉ ይጻፍ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ በሰዓት ይከፈላል። እርማትዎን በየቀኑ በስልክ አንድ አንድ ከመናገር ይልቅ ሰብስበው በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ይላኩ። «አልወደድኩትም» ከማለት «ከመንገድ ማዶ ስሙ አይነበበኝም» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ስሜት ነው፣ ሁለተኛው ግን ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ነው።

ከሁሉ በላይ የመጨረሻውን ቅጂ ፊደል በፊደል ያንብቡ። ዋጋውን፣ አድራሻውን፣ ስልኩን ይመልከቱ፤ በስልኩም ደውለው ይሞክሩት። እርስዎ ፈርመው ወደ ማተሚያ ቤት ከሄደ በኋላ የሚገኝ ስሕተት ወጪው የእርስዎ ነው።

ስለ አማርኛው ፊደል

በአማርኛ የሚጻፍ ታፔላና ሜኑ የራሱ ችግር አለው። የግእዝ ፊደል በትንሽ ቅጥያ ድምፁን ይለውጣል። ጽሑፉ ካነሰ ወይም ቀለሙ ከፈሰሰ የ«ቡ» ቅጥያ ጠፍቶ «ቡና» የነበረው «በና» ይሆናል። ስለዚህ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ሥር እንደ ግርጌ ማስታወሻ ተጨምቆ መግባት የለበትም፤ በቂ ስፍራና በቂ ውፍረት ይሰጠው።

ሌላው የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱን አቀማመጥ ይከተል ስለነበር፣ በ1990ዎቹ የተሠራ የሜኑ ፋይል ዛሬ ቢከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሊያወጣ ይችላል። አሁንም ቢሆን ማተሚያ ቤቱ ያንን ፎንት ካልጫነ ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊታተም ይችላል። መድኃኒቱ ዲዛይነሩ ከማስረከቡ በፊት ፊደላቱን ወደ ቅርጽ እንዲለውጣቸው መጠየቅ ነው። የፎንቱ ፈቃድም ይጠየቅ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ያሉት ለንግድ ሥራም በነጻ የሚሠራባቸው ናቸው፤ የሚገዙም አሉ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ርክክብ

ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፍ መሰል ፋይል ብቻ ተቀብለው አይሂዱ። ትንሹ ሥዕል ወደ ታፔላ ሲለጠጥ ይፈርሳል። ቬክተር የሚባለውን፣ ማለትም ሳይበላሽ ያለገደብ ማሳደግ የሚቻለውን ፋይል ይጠይቁ፤ በፒ ዲ ኤፍ፣ በኤስ ቪ ጂ ወይም በኤ አይ መልክ ይመጣል። ከዚህ ጋር በጥቁርና ነጭ ብቻ የተሠራ ቅጂ፣ የቀለሞቹ ቁጥር፣ ለሕትመትና ለስክሪን የተለዩ ፋይሎች ይኑሩ። ከአንድ ቦታ በላይ ያስቀምጧቸው። ዲዛይነሩ ነገ ሌላ ስቴት ቢሄድ ሥራዎ መቆም የለበትም።

ታፔላው ከመሠራቱ በፊት ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቤቱ ባለቤት ስምምነትና ከከተማው የሚገኝ የታፔላ ፈቃድ። ኦክላንድና ሳን ሆዜ የየራሳቸው የታፔላ ደንብ አላቸው። የሚሰቅልልዎትም ሰው ሲ-45 የተባለው የካሊፎርኒያ የታፔላ ሥራ ተቋራጭ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ።

ስሙ የማን ነው?

ለአርማ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ስሙን ያረጋግጡ። ከራስዎ ስም ውጭ በሆነ የንግድ ስም ሲሠሩ በካውንቲው ጸሐፊ ዘንድ ማስመዝገብና በጋዜጣ ለአራት ሳምንታት ማሳወጅ ግዴታ ነው። ለኦክላንድ አላሜዳ ካውንቲ፣ ለሳን ሆዜ ሳንታ ክላራ ካውንቲ ነው። ምዝገባው ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ይህ ምዝገባ ስሙን የግል ንብረትዎ አያደርገውም። ስሙን የሚጠብቀው የንግድ ምልክት ሕግ ነው። ስሙ በሌላ ሰው አለመያዙን በፌዴራሉ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ድረ ገጽ በነጻ መፈለግ ይቻላል። የማመልከቻው መነሻ ክፍያ ከጃንዩዋሪ 18 ቀን 2025 ወዲህ ለአንድ የዕቃ ወይም የአገልግሎት ክፍል 350 ዶላር ነው።

ስም ንብረት መሆኑን አገራችን ራሷ አሳይታለች። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተ። ከስታርባክስ ጋር ከነበረው ክርክር በኋላ በጁን 2007 ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ላይ ደረሱ። ስለዚህ ቡና አሽገው የሚሸጡ ወገኖች እነዚህን ስሞች ከረጢቱ ላይ ከማሳተማቸው በፊት ስለ ፈቃዱ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ውልና ክፍያ

አሁን ወደ ፊርማው እንምጣ። «ከፍዬበታለሁ፣ ስለዚህ የእኔ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በአሜሪካ ሕግ ልክ አይደለም። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. የሚገኝ ለቤት አልባዎች የሚሟገት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለውን ቀራጭ ሐውልት አሠራ፤ ገንዘቡንም ከፈለ። ስለ ቅጂ መብት የተጻፈ ውል ግን አልነበረም። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1989 ሪድ በግሉ የሚሠራ ባለሙያ እንጂ የድርጅቱ ቅጥር ሠራተኛ አለመሆኑን፣ ስለዚህም ሥራው በቅጥር የተሠራ ተብሎ መብቱ በቀጥታ ለከፋዩ እንደማይሆን ወሰነ። አርማም እንዲሁ ነው። መብቱ ወደ እርስዎ የሚተላለፈው ዲዛይነሩ በፈረመበት ጽሑፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የካሊፎርኒያን ልዩነት ልብ ይበሉ። ከኢንተርኔት በተገለበጡ ውሎች ላይ «በቅጥር እንደተሠራ ሥራ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ይገኛል። በካሊፎርኒያ ይህ አነጋገር ለሥራ ጉዳት ካሳና ለሥራ አጥነት ኢንሹራንስ ሲባል እርስዎን አሠሪ ሊያስደርግዎ ይችላል። ይልቁንስ «ሙሉ ሒሳቡ ሲከፈል የቅጂ መብቱን አስተላልፌአለሁ» የሚል አንቀጽ ማስፈረም ይሻላል።

በጃንዩዋሪ 2025 የጸናው ኤስ ቢ 988 የተባለው ሕግ ደግሞ የሚከተለውን ያዛል። በግሉ ለሚሠራ ባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ዋጋው 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በ120 ቀን ውስጥ የተሰጡ ሥራዎች ተደምረው እዚያ ቢደርሱም እንደዚሁ ነው። በውሉ ላይ የሁለቱ ወገኖች ስምና አድራሻ፣ የሥራው ዝርዝርና ዋጋ፣ የመክፈያው ቀን ይጻፍ። ቀን ካልተጻፈ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል። ሥራ ከተጀመረ በኋላ «ቶሎ እንድከፍልህ ዋጋ ቀንስ» ማለት ክልክል ነው። ባለሥራው ውሉን ለአራት ዓመት ያስቀምጥ። በጊዜው ያልከፈለ ሰው ተከሶ ቢፈረድበት ካልተከፈለው ገንዘብ እስከ ሁለት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል።

ስለ አከፋፈሉ የተለመደው መንገድ ቀብድ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ ሲጀመር ግማሽ፣ ሲረከቡ ግማሽ። ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ደብልዩ-9 የተባለውን ፎርም ያስሞሉ። በ2025 በቼክ ወይም በጥሬ ገንዘብ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ለከፈሉት ሰው 1099-ኤንኢሲ ማውጣት ግዴታ ሲሆን፣ ከ2026 ክፍያዎች ጀምሮ መጠኑ 2,000 ዶላር ሆኗል።

«በኮምፒዩተሩ በነጻ እሠራዋለሁ» ለሚሉም አንድ ቃል እንጨምር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻውን ያወጣው ሥዕል የሰው ሥራ ስላልሆነ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ አይመዘግበውም። ጎረቤትዎ ሥዕሉን ቢወስደው በቅጂ መብት ሊከራከሩት አይችሉም።

የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ጉዳይ

በግሉ ለሚሠራ ዲዛይነር አይ-9 ፎርም መሙላት አይጠበቅብዎትም። ሆኖም የሥራ ፈቃድ እንደሌለው እያወቁ በኮንትራት ስም ማሠራት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ ወጣት ያለ ፈቃድ በግሉ ሥራ ቢይዝ ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ «የወገን ልጅ ነው፣ ኪሱን እንደግፈው» ብለን የሰጠነው ሥራ እንዳይጎዳው አስቀድመን እንጠይቅ፤ ጥርጣሬ ካለ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይታይበት። ደግሞም በሰዓት እየመጣ፣ በእርስዎ ኮምፒዩተር፣ በእርስዎ ትእዛዝ ዘወትር የሚሠራ ሰው ወረቀቱ ላይ «ኮንትራት» ስለተባለ ብቻ ከተቀጣሪነት አይወጣም።

ሥራ ያለው ወጣት ቢሆንም «ምሳ እንጋብዝሃለን» በሚል የሚታለፍ ሒሳብ ሒሳብ አይደለም። እኛ ለምንነዳውና ለምንሸጠው እንደምናስከፍል ሁሉ እርሱም ላሰበበት ይከፈለው። አስቀድሞ የተነጋገረና በጽሑፍ የተዋዋለ ሰው በበዓል ቀን ሲገናኝ ፊቱን አያዞርም።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ ነው፤ ለራስዎ ጉዳይ የሕግና የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ።